ለሽምግልና የሄደው የሴት ካፖርት

ነቀምቴ ገበያ የሰልባጅ ቦንዳ ሲፈታ ከፊት ካልቆምኩ ያመኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው፤ የሰው ልብስ እገዛለሁ፣ እተረትራለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ሌላ ልብስ አድርጌ እሰፋለሁ። ስፌት ያስተማረኝ ከወሎ መጥቶ አንገር ጉቲን የሰፈረው አባቴ ነው። ባለቤቴ ልዩነታችንን ስታስረዳ፣ «አባቱ የተቀደደ ይሰፋ ነበር፤ እሱ ደህናውን ይቀድዳል» ትላለች። ከመጋረጃዋ ሰደርያ ካወጣሁ ወዲህ መቀስ ባነሳሁ ቁጥር መጋረጃዎቿን ትቆጥራለች።

በቅርቡ ነርስ የሆነው የጎረቤታችን ልጅ ሲሬ የምትኖር ልጅ ወደደ። ሌሎች ወንዶች የላኳቸው ሽማግሌዎች ከልጅቷ ቤት ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል፤ ምክንያቱን ያወቀ የለም። ልጁ እህል አልወርድ ብሎት ከስቷል። ለእሱ የሚላኩት ሽማግሌዎች መሪ አንድ ጡረተኛ መምህር ሆነና እኔን ጨመረኝ።

«አንተ ለማሟያ ነህ» አለኝ። «አፍህን ዘግተህ ትቀመጣለህ።»

በአፉ ነገር ተስማማሁ። ልብሱን ግን ማን ይከለክለኛል?

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቅዳሜ ከቦንዳው መሀል አንድ ረጅም አረንጓዴ የሱፍ ካፖርት ብቅ አለ። እጄ ከዓይኔ ቀድሞ ያዘው። የሴት ነው፤ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ደረቱ ላይ ለእኔ የማያስፈልግ ቦታ የተተወለት። ቤት እስክደርስ በልቤ ሰፍቼ ጨርሼዋለሁ። ከወገብ በታች ቆረጥኩትና ከቁራጩ ሰፋፊ ኪሶች አወጣሁ። የደረቱን ስፌት ተርትሬ አስተኛሁት። ገበሩን ጥዬ ከአሮጌ ከረባቶች የቀጣጠልኩትን ባለብዙ ቀለም ገበር ከተትኩበት። ለብሼ መስታወት ፊት ስቆም ሚኒስትር አየሁ። ባለቤቴ ያየችው የሚኒስትሩን ዘበኛ ነው።

ሲሬ እንደ ደንቡ ደጅ ቆምን፤ ግቡ ተባልን። መምህሩ በኦሮምኛ አሳምሮ ልጅቷን ለመነ። አባትየው አዳመጠና፣

«ልጄ መንገድ ዳር ሱቅ አላት» አለ። «ሰልባጅ ልብስ እያሳመረች ሰፍታ ትሸጣለች። የመጣው ሽማግሌ ሁሉ ስታገባ ይህን ትተወዋለች ይለናል። እናንተም ከተሜዎች ናችሁ፤ ሰልባጅ ትንቃላችሁ። ልጄን ሥራዋን አስጥዬ አልድርም።»

እናትየው ግን አሁንም አሁንም ደረቴን ታያለች። ኮቱ አማራት ብዬ ነፋ አደረግኩት።

«ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለችኝ፣ «ይሄ የሴት አይደለም?»

«የወንድ ነው» አልኩ ፈጠን ብዬ።

«የወንድ ቁልፍ በቀኝ በኩል ነው። የእርስዎ በግራ ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁሉን ቀያይሬ ቁልፉን እንደነበረ ትቼዋለሁ። መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚህ በኋላ አፍ መዝጋት ምን ይጠቅማል?

«የሴት ነበር» አልኩ። «ከሰልባጅ ገዝቼ ራሴ ነኝ የሰፋሁት። እናንተ ፊት ለመቅረብ ከዚህ የሚበልጥ ልብስ የለኝም። ንቄው ቢሆን ለብሼው እመጣ ነበር?» ብዬ አወለቅኩና ገበሩን ገልብጬ ዘረጋሁላቸው።

ይሄኔ ልጅቷ ከጓዳ ወጣች። በእንዲህ ያለ ቀን መውጣት አልነበረባትም፤ ግን ከረባቶቹን በመጋረጃው ቀዳዳ አይታ አላስቻላትም። ኮቱን ተቀብላ እጅጌውን ገለበጠች፣ ስፌቱን ሳብ ሳብ አደረገች።

«አካኮ» አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። «ገበሩ በጣም ያምራል። ትከሻው ግን ምን በደለዎት?»

አባቷ ሳቀ። እኔ ግን ሽምግልናውን ረስቼዋለሁ። ከሁለት የወንድ ሸሚዝ እንዴት አንድ ቀሚስ እንደምታወጣ፣ ኮሌታውን ወገብ ላይ እንዴት ቀበቶ እንደምታደርገው ስትነግረኝ እንደ ሕፃን ከወንበሬ ተነሣሁ። መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጁስ?» አለ አባትየው። «ልጁ ምን ይላል?»

«ልጁማ ያወቃት ሱቋ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነው» አልኩ። «ሰበብ ሲያጣ ያንኑ ሱሪ እየመላለሰ ያሳጥራል። አሁን ቁምጣ ሆኖ ቀርቷል።»

ልጅቷ ፊቷን በኮቱ ሸፈነች። መምህሩም ቀበል አድርጎ፣ ሱቋን ነቀምቴ እንድትከፍት እኛ ሽማግሌዎች ዋስ እንሆናለን አለ። አባትና እናት ጓዳ ገብተው ተንሾካሾኩ። ሲመለሱ ልጅቷ ኮቱን አጣጥፋ ይዛለች።

«ትከሻውን ላስተካክለው፤ ቁልፉንም ነቅዬ ዚፕ ልግጠምለት» አለች።

አባትየው ወደ እኛ ዞረ። «እንግዲህ ኮታችሁን ልትወስዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኑ። ዘመድ ጠርተን እንጠብቃችኋለን።»

ሚኒባሱ ውስጥ በሸሚዝ ብቻ እየተንቀጠቀጥኩ ስልኬ ጮኸ። ልጁ ነው።

«ምን አሉ?» አለ።

«ኮቴን ቀሙኝ» አልኩት።

ትንሽ አቆየሁት፤ ክፉ ሽማግሌ ነኝ።

«ተመልሰን እንድንወስደው ቀጠሩን» አልኩት። «አሁን ሂድና እራትህን ብላ።»