አክስቴ በምላሷ የምትሞክረው ሳሙና

አክስቴ ከጉሎ ዘይትና ከአመድ ውሃ አፍልታ የሠራችውን ሳሙና ሶዶ ገበያ ትሸጥ ነበር። አንዱንም በምላሷ ጫፍ ሳትነካ ለሰው አትሰጥም። ካቃጠላት፣ «ገና ነው» ብላ ወደ ቤት ትመልሰዋለች።

«እትዬ፣ ቁርስ ሳይበሉ ነው እንዴ የመጡት?» ብላ አንዲት ገዢ ሳቀችባት።

«የልጅሽን ዓይን ከሚያቃጥል የእኔን ምላስ ያቃጥል» አለቻት።

ጌታ እንደወሰዳት የሚነግረኝ ደብዳቤ እዚህ ሐረር ሲደርሰኝ አላለቀስኩም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንባዬ እምቢ አለኝ። በሳምንቱ፣ ሳትሞት ለጨቅላ ልጄ የላከችው ሳሙና በኮባ ቅጠል እንደተጠቀለለ በመንገደኛ እጅ መጣ። ሞክራው እንደሆነ ልጠይቃት አልችልም። የልጁ ውሃ ሞቋል። ሳሙናውን በምላሴ ጫፍ ነካሁት።

አላቃጠለኝም። ልጄን አጠብኩት።