እናቴ ለቅርጫው ስትመጣ

ዛሬ ሶዶ መናኸሪያ በር ላይ አንዲት ሴትዮ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ጎደሬ ይዛ አጠገቤ አለፈች። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እኔ ደግሞ መቆም የማልወድ ሰው ነኝ፤ ባጃጅ ከምጠብቅ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል። ያ ሽታ ግን ሥራ የያዝኩበትን ዓመት አመጣብኝ።

አባቴ የሞተው በዚያው ዓመት ነበር። ጉኑኖ ያለው ሰፈራችን ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫችን፣ በሬ የሚያርደው በቅርጫ ነው፤ በየወሩ እየተዋጣ። ቤታችን ወንድ ልጅ አልነበረም፤ እኔና ትንንሽ እህቶቼ ብቻ። ለቅሶው ሳያልቅ፣ “በአባቴ ቦታ እኔ አዋጣለሁ” አልኩ። የቅርጫው ሰብሳቢ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ።

“ልጄ፣ መዋጮው ከተጓደለ ቤታችሁ ከቅርጫው መውጣቱ ነው። ሥጋ መላካችን አይቀርም፤ ግን እንደ እርዳታ ነው የሚሆነው።”

እናቴ አንገቷን ደፋች። ሞቼ እገኛለሁ! የአባቴ ቤት ለጊፋታ ምጽዋት አይበላም አልኩ በልቤ።

ችግሩ ብር እጄ ላይ አይበረክትም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ምሳ እየዘለልኩ ለጥቂት አደረስኩ። ከጎጃም ተመድባ የመጣች የቢሮ ጓደኛዬ ለየወጪው አንድ አንድ ፖስታ እንዳዘጋጅ መከረችኝ። ኪራይ፣ ምግብ፣ ቅርጫ ብዬ ጻፍኩባቸው። ጫማ ባማረኝ ቀን የቅርጫው ፖስታ ጫማ ሆነ። ወጪ የሚመዘግብ አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ፤ ቆሎ በገዛሁ ቁጥር መመዝገቡ ሰለቸኝ። የቁጠባ ሣጥን ገዛሁ፤ በቢላዋ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ወይ ጉድ! ሰው የራሱን ቤት ይሰርቃል? መዋጮው እንዳይጓደል በየጊዜው ተበደርኩ።

ጓደኛዬ ሳቀችብኝ። “አንቺ ራስሽ ቁጭ አትዪ፤ ብርሽ እንዴት ቁጭ ይበልልሽ?”

ለእናቴ ደውዬ፣ “እማ፣ አልቻልኩም” ብዬ አለቀስኩ። “ደመወዝሽ መቼ ነው የሚገባው?” ብቻ አለችኝ። የደመወዝ ቀን ጠዋት መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ቀሚሷ የጉኑኖ መንገድ አቧራ ለብሷል፣ ብብቷ ሥር ጥቅልል ቅጠል ይዛለች።

“ገባ?” አለችኝ በወላይትኛ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

“ገብቷል።”

“በይ የቅርጫውን አምጪና ጎደሬሽን ብዪ።”

ዘበኛው ሳቀ። እኔ አፈርኩ፣ ግን ሰጠኋት። ከዚያ ወዲህ ደመወዝ በገባ ቁጥር መጣች። በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ስለ ላማችን፣ ስለ እህቶቼ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ታወራልኛለች፤ እኔ እየተቁነጠነጥኩ እበላለሁ። “ምንድን ነው እንዲህ የሚያጣድፍሽ?” ትለኝ ነበር፣ እግሬን እያየች።

ሌላው ዘዴ ሁሉ ከራሴ ጋር ያታግለኝ ነበር። ይሄኛው ለእኔ የተሰፋ ነው፤ ሰው ይመጣልኛል። ጉኑኖ ድረስ የምትመለስን እናት ባዶ እጇን ማን ይሸኛል?

ጊፋታ ደረሰ። የሥጋ መደባችን ከጎረቤቶቻችን መደብ እኩል በቅጠል ላይ ተቀመጠ፤ ሽማግሌውም የአባቴን ስም ጠሩ። እናቴ ቀና ብላ፣ “አቤት” አለች። ደስታዬ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ።

በሚቀጥለው ዙር ጎበዝ ሆኜ፣ “እማ፣ ከእንግዲህ አትልፊ፤ ባንኩ ራሱ በየወሩ ቆርጦ ለሰብሳቢው ይልካል” አልኳት።

“ጎሽ ልጄ፣ ገላገልሽኝ” አለች።

ባንኩ እስከ ዛሬ አንድ ወር አልሳተም። እናቴም ከዚያ ወዲህ ሶዶ አልመጣችም። እኔ በበዓል ብቅ እላለሁ፤ ሳልቀመጥ እመለሳለሁ። ባለፈው ደውዬ፣ “እማ፣ ናፍቀሽኛል፤ ነይ እንጂ” ብላት ሳቀች።

“ምን ልቀበል ብዬ?” አለችኝ።