ለአባቴ የሚቆም ማጫወቻ ፍለጋ

እውነቱን ልናገር፤ ማጫወቻውን የፈለግኩት ለአባቴ ብዬ ብቻ አልነበረም። ለመሄድ ነበር። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ተመዝግቤ ነበር፤ ትምህርቱ ሌላ ከተማ ነው፣ ሦስት ሳምንት እዚያው እያደሩ። አባቴ ደግሞ ግላኮማ አለበት። ግራ ዓይኑ ሄዷል። በቀኙ ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ በር ላይ የቆመ ሰው ቁመቱን ያያል፤ ያችኑ የቀረችውን የሚያቆይለት በቀን ሦስት ጊዜ የሚጨምረው ጠብታ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ በሰው አገር፣ ቻምብሊ በምትባል ከተማ ባለው አፓርታማችን ውስጥ እኔ ሥራ ስውል እሱ ብቻውን ነው የሚውለው። አብሮት የሚውለው የካሴት ቴፑ ነበር። በተመዘገብኩ በሳምንቱ ቴፑ ካሴት መብላት ጀመረ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ሃይስኩል እዚሁ ጨርሼ፣ ኢስት ፖይንት ኤርፖርቱ አጠገብ መኪና የሚያከራይ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። የተመለሰውን መኪና ከፓርኪንጉ ወደ ማጠቢያ፣ ከማጠቢያው ወደ ሌላ ፓርኪንግ እነዳለሁ። አዲስ መኪና፣ ሙሉ ነዳጅ፣ ሁለት መቶ ሜትር፤ ፓርክ አደርጋለሁ፣ እወርዳለሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ነድቼ የትም አልደርስም። እቤት ገብቼ ራት ስበላ እንኳን እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ፔዳል ይረግጣል። አባቴ ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ «ደረስሽ?» ይለኛል።

«ሌላ ቴፕ ግዢልኝ» አለ መጀመሪያ። ችግሩ ግን ቴፑ ብቻ አልነበረም። ካሴቶቹም አርጅተዋል፤ ክራቸው ተልጧል፣ ተጨማድዷል። ሠላሳ አንድ ናቸው። አገር ቤት መዝገብ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ካሴቶቹንም እንደ ፋይል ቁጥር ሰጥቶ ደርድሯቸዋል፣ የትኛው የት እንዳለ ሳያይ ያወጣል። አንዱን ከቦታው ካዛወርኩበት ሁለት ቀን አያናግረኝም።

እኔ ትዕግሥት የለኝም። የመጀመሪያውን ማጫወቻ ሳላጣራ ነው የገዛሁት። ቀጭን፣ የሚያምር፣ ሁለመናው መስታወት የሆነ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ማጫወቻ ነው አባዬ። ንካው።»

«ነካሁት።»

«እንደሱ አይደለም፤ ቀስ ብለህ።»

«ቀስ ብዬ ነው የነካሁት።»

«አሁን ደግሞ በጣም ቀስ አልክ፤ አልሰማህም።»

«አንቺም ቀስ ብዬ ስናገር አትሰሚኝም። እናንተ ተግባቡ» አለና መለሰልኝ።

ሪተርን አደረግኩት። ሁለተኛው ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ቁልፍ ያለው ነበር። ቁልፍ ካለው በቃ ብዬ ነው። በሦስተኛው ቀን ሹራቡ ኪስ ውስጥ ረስቶት፣ እኔም ኪስ ሳልፈትሽ ሹራቡን ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ከተትኩት። ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላለም።

ማሠልጠኛው ሊጀመር ስድስት ሳምንት ቀርቶኛል። ቢፎርድ ሃይዌይ ላይ ካሉት ያገራችን ሱቆች አንዱ ጋ ሄድኩ። በርበሬም፣ የስልክ ካርድም፣ ነጠላም የሚሸጥ፣ ጥግ ላይ አሮጌ ኮምፒውተር አስቀምጦ ዘፈንና መዝሙር ፍላሽ ላይ የሚሞላ ሰው ነው። የሸክላ ጡብ የሚያክል፣ ከላይ ማንጠልጠያ ያለው፣ ፍላሽ የሚሰካበት ማጫወቻ አወጣልኝ። አምስት ቁልፍ፣ እያንዳንዱ እንደ ኮት ቁልፍ ትልቅ። ድምፁ ወፍራም። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ከፈትኩት። ይሄ ነው አልኩ።

«የአባቴን ካሴቶች እዚህ ላይ ገልብጥልኝ» ብዬ ሠላሳ አንዱንም በፌስታል ሰጠሁት።

«እገለብጣለሁ። ግን ፍላሹ ብዙ ይይዛል። ከእነሱ ሌላ ምን ልጨምርላቸው?»

«ምንም።»

«እህቴ፣ ለአባት ጎደሎ ዕቃ አይሰጥም። ነውር ነው። እኔ እሞላዋለሁ፣ ምንም አታስቢ።»

እኔም አላሰብኩም። እንግዳ ሲመጣ ሳህን እስከ አፉ የምንሞላ ሰዎች ነን፤ ፍላሽም ያው ነው ብዬ ተውኩለት። በሳምንቱ ስመለስ ሁለት ሺህ ዘፈን ሞልቶ ጠበቀኝ። የአባቴ ካሴቶችም እዚያው መሀል ናቸው። ከዚያ በላይ ምርቃትም ጨመረልኝ።

እቤት ሄጄ በሱፐር ግሉ ማጣበቂያ ማብሪያው ቁልፍ ላይ ሽምብራ፣ ማሳለፊያው ላይ ምስር ለጠፍኩ። ሌሎቹን ሦስት ቁልፎች በፕላስተር ሸፈንኳቸው። አባቴ በጣቱ ዳሰሰ።

«ሽምብራ ነው?»

«ሽምብራው ማብሪያ፣ ምስሩ ማሳለፊያ።»

«ጾም ከገባ ደግሞ እበላዋለሁ» አለና ሽምብራውን ተጫነው። ዘፈነ። ምስሩን ተጫነ። አለፈ። ፊቱ በራ። እኔ ልብስ መሸከፍ የጀመርኩት የዚያኑ ቀን ነው፤ መመዝገቤን ነግሬዋለሁ፣ ሻንጣውን ግን እንዳይዳስሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቅኩት።

ለሁለት ሳምንት ቤታችን ሠርግ ቤት መሰለ። ከሥራ ስገባ ከደረጃው ሥር ጀምሮ ይሰማኛል። ከታች የምትኖረው የእናቴ ጓደኛ፣ እኔ ስሄድ ማታ ማታ ምግብ ልታመጣለት ቃል የገባችልኝ፣ «ምን አደረግሽው? ወጣት ሆነ እኮ» አለችኝ። ኮራሁ። ሌሊት ፈረቃም ጨምሪ ቢሉኝ እሺ የምል ሆንኩ።

ከዚያ የዓይን ሐኪሟ አፖይንትመንት ደረሰ። ሐኪሟ የዓይኑን ግፊት ለካች። ደግማ ለካች። ወደ አባቴ ሳይሆን ወደ እኔ ዞራ ግፊቱ በጣም ጨምሯል፣ በዚህ ከቀጠለ የቀረውም አይቆይም አለችኝ። ጠብታውን በቀን ሦስት ጊዜ ይጨምራል ወይ ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩለት።

«አዎ በያት» አለ።

አዎ አልኳት። እቤት ገብተን የጠብታውን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት። ከግማሽ በላይ አለው። ባዶ መሆን ነበረበት።

«አባዬ ዋሸህ!»

«አልዋሸሁም።»

«ሞልቷል እኮ! ሐኪም ፊት እኔን አዋሸኸኝ! ዓይንህ እንዲጠፋ ነው የምትፈልገው?»

«አትጩሂ። ጎረቤት አለ።»

«ጎረቤቱ ይስማ! ለምን አልጨመርክም?»

ሶፋውን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ከዚያ እንደሚያፍር ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረኝ። ጠዋት ቁርሱን በልቶ ካሴት ይከፍታል። አንደኛው ገጽ ሲያልቅ ቴፑ ጠቅ ብሎ ይቆማል። ያኔ ተነስቶ ጠብታውን ይጨምራል፣ ካሴቱን ይገለብጣል። ከምሳ በኋላም እንደዚያው፣ ማታም እንደዚያው። ስንት ዓመት ሙሉ የጠብታውን ሰዓት የነገረው ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት አልነበረም፤ እሱን ካየው ቆይቷል።

«ይሄኛው ግን አያልቅም» አለኝ። «እኔ እኮ እየጠበቅኩት ነበር።»

ቁጭ አልኩ። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

በማግስቱ ስልኩ ላይ ደወል ሞላሁለት። ሲጮህ አንስቶ «ሃሎ» ይላል፤ የሚመልስለት ሲያጣ «እነዚህ ሰዎች ደግሞ» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ከሥራ ልደውልለት ሞከርኩ። ሦስት ቀን ደወልኩ። በአራተኛው ቀን መኪናው በዛ፣ ረሳሁት። ረሳሁት ስል ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልከለከለኝም፤ ረሳሁት ነው። ማሠልጠኛው ውስጥ ደግሞ ስልክ መያዝ አይፈቀድም። ደውዬ ምዝገባዬን ልሰርዝ ስልኩን አንስቼ ቁጥሩን ግማሽ ድረስ ነካሁ። ተውኩት። ማጫወቻውን አንጠልጥዬ ወደ ሱቁ ነዳሁ።

«የሚቆም አለህ?» አልኩት ባለሱቁን።

«ምን አለሽ?»

«የሚቆም። ትንሽ ዘፍኖ ራሱ ዝም የሚል።»

«እህቴ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የማይቆም ነው። የሚቆመውንማ ተበላሸ ብለው ይመልሱልኛል።» ማጫወቻውን አገላበጠ። «ይሄ ፍላሹ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይጀምራል እንጂ አይቆምም። ሥሪቱ ነው።»

«እንግዲያው ዘፈን የሌለበት ዘፈን የለህም?» አልኩት ተናድጄ።

እየቀለድኩ ነበር። እሱ ግን ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ። ማይኩን ነቅሎ ግማሽ ሰዓት ባዶ ቀዳ። ስንጠብቅ ማስቲካ ሰጠኝ። እኔ የሱቁን በርበሬ ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

«አሁን ሁለት ሺውን አጥፋልኝ» አልኩት።

«ሁሉንም?»

«ከካሴቶቹ በቀር ሁሉንም።»

«ኧረ ኃጢአት ነው! በስንት ልፋት የሰበሰብኩት!»

«አጥፋው አልኩህ።»

እያጉረመረመ አጠፋው። ሠላሳ አንዱን ካሴት ብቻ በቁጥራቸው ተራ አስቀመጠ፤ ከእያንዳንዱ ገጽ በኋላ ያንን ግማሽ ሰዓት ባዶ አስገባበት። ጎደሎ ፍላሽ ሰጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ሲሰጠኝ ፊቴን አላየም።

የመጀመሪያው ቀን ገጹ አልቆ ዝም ሲል አባቴ ማጫወቻውን በጥፊ መታው።

«ሞተ።»

«አልሞተም፤ ገጹ አልቆ ነው። ከቁርስ፣ ከምሳና ከራት በኋላ ስትከፍተው፣ መጀመሪያ ዝም ሲል ጠብታ። ጨምረህ ስታርፍ እሱ ራሱ ይነሳል።»

ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። «ዝምታውን ማን ዘፈነው?»

«ባለሱቁ።»

«ድምፁ ጥሩ ነው» አለ።

በሳምንቱ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጠብታ ቀንሷል። ሐኪሟ ግፊቱ ተመልሷል አለች። እኔ ግን አላመንኩም፤ በሳምንቱ ውስጥ ማታ ማታ ጠብታውን ሲጨምር አጠገቡ ነበርኩ፣ «ጨመርክ?» እያልኩ። እኔ ሳልኖርስ? ማሠልጠኛው ሰኞ ሊጀምር ቅዳሜ ጠዋት «ሥራ ሄድኩ» ብዬው ወጣሁ። አልሄድኩም። ከመስኮታችን ሥር ፓርክ ያደረግኳት መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መስታወቷን ዝቅ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ካሴት ቁጥር አራት ነበር። አንደኛውን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል፤ ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። ገጹ አለቀ። ዝም አለ።

አሁን ይነሳል። አሁን ጠርሙሱን ይዞ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። ጨምሮ አምስት ደቂቃ ዓይኑን ጨፍኖ መቆየት አለበት። አምስት ደቂቃ ሆነ። ስምንት ሆነ። ምንም አይሰማም፤ ኮቴ የለም፣ ውኃ የለም፣ ሳል የለም። ይሄንን ዝምታ አስቀድቼ ከፍዬ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ልታገሠው ግን አልቻልኩም። ወድቆ ቢሆንስ? ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጥኩ ወጣሁ፣ በሩን ከፈትኩ።

ሶፋው ላይ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንድ ጣቱን የዓይኑ ጥግ ላይ ተጭኖ ተቀምጧል። ጠርሙሱ ጭኑ ላይ ነው፣ ክዳኑም ተከድኗል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ባጄን ረስቼ።»

«መኪናሽ መቼ ተነሳችና? እሷ ስትነሳ የምትጮኸውን ጩኸት አላውቀውም?»

በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ።

«ስንት ሰዓት ተቀመጥሽ?» አለኝ ዓይኑን እንደጨፈነ።

«አንድ ሰዓት ሊሆን ነው።»

«ቁጭ ብለሽ? ከወንበርሽ ሳትነሺ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ካሚዮኑን ትችይዋለሽ።» ሳቀ፤ ስቆ ጠብታው እንዳይወጣበት ጣቱን አጠበቀ። «ጨምሬያለሁ፤ አየሽ?»

«አየሁ።»

«በይ ውረጂ። ሥራ ከሌለሽም ሌላ ቦታ ሂጂ። እዚህ ቆመሽ አትተንፍሺብኝ።»

ወረድኩ። የምሄድበት አልነበረኝም። ሞተሩን አስነሳሁ፤ እንዲሰማ ሁለት ጊዜ ጋዝ ሰጠሁትና ከግቢው ወጥቼ ከከተማው የሚያስወጣውን፣ ወደ ሎረንስቪል የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ። ዝምታው ሊያልቅ ስንት ደቂቃ እንደቀረው እያሰላሁ ነበር የምነዳው። ከተወሰነ ማይል በኋላ ሒሳቡ ጠፋብኝ፤ ዞሬም አልተመለስኩም።