ለሚጢ ያወጣሁት ፕሮግራም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴም፣ ለጓደኛም። በሶላቴ እንኳ በግልጽ ቃል አላወጣሁትም፤ አላህ ያውቀዋል እያልኩ አልፈዋለሁ። እናንተ ግን አታውቁኝም። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። ወንድሜን ሰይድን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።

ከየት ልጀምር? ከውሻዋ ልጀምር።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። እዚህ ሐይቅ ከተማ ከእኛ ቤት በላይ ተከራይቶ የሚኖር የውሃ ሥራ ቴክኒሻን ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር አንዲት ቡችላ ሰጠኝ። ነጭ፣ ጠጉራም፣ የፈረንጅ ዘር። «አድጋም ከድመት አትበልጥም፤ ግን ጭንቅላት አላት። በየቀኑ በሰዓቱ ካስተማርካት የማትለምደው ነገር የለም» አለኝ። በየቀኑ፣ በሰዓቱ! ያ ቃል እንዴት እንደያዘኝ! ሚጢ አልኳት። በዚያው ቀን ከደብተሬ መሐል ወረቀት ገንጥዬ፣ በማስመሪያ አስምሬ፣ ልክ እንደ ክፍላችን ፕሮግራም አወጣሁላት። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ጓሮ፣ ሽንቷን እዚያ እንድትለምድ። ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት «ተቀመጪ»፣ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ትሰለቻለች። ከሰዓት በኋላ በገመድ እስከ ሐይቁ ዳር። አመሻሽ ላይ «ቆዪ»።

ሰይድ ወረቀቱን አይቶ ሳቀብኝ። «ወላሂ ሚኒስትሪ ልታስፈትናት ነው!»

ይሳቅ እንጂ ሽልማቱን የሚያመጣው እሱ ነበር። ሰይድ ሐይቁ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። የኮቱ ኪስ ሁልጊዜ የደረቀ የዓሣ ቁራጭ አያጣም። ስትቀመጥ ቁራጭ፣ ስትቆይ ቁራጭ። በአራተኛው ቀን ገና እጄን ከፍ ሳደርግ ቁጭ አለች! ጮህኩ። ሰይድም ጮኸ። አሁን እንኳ ይህን ስጽፍ ልቤ ይዘላል። ያሳፍረኛል፤ ግን ይዘላል።

የከበደው የበሩ ትምህርት ነበር። እናቴ «ውሻ በገባበት ቤት መላኢካ አይገባም። ደፌን ካለፈች እሷንም እናንተንም ነው የማስወጣችሁ!» ብላለች። ስለዚህ ደፉ ላይ መቆም አስተማርኳት። በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት፣ ሥጋ ቢሸታት፣ ሚጢ ደፉ ላይ ቆማ ፊቴን ታያለች። «ግቢ» ካላልኳት አትገባም። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

«ግቢ» የምላት መቼ ነው? እናቴ ገበያ ስትወጣ። መስገጃዋን ጠቅልለን ከፍ አድርገን እንሰቅላለን። ሰይድ እህል ከምናስቀምጥበት ጎታ ጀርባ ይደበቃል። እኔ ደጅ ሆኜ «ግቢ! ፈልጊ!» እላለሁ። ትበራለች! ሰይድ «አገኘችኝ! ያረቢ፣ አገኘችኝ!» እያለ እየሳቀ ይወጣና ቁራጩን ይሰጣታል። ከዚያ ወለሉን ጠርገን እንደ ሁለት ሌባ እንተያያለን። ይህን በወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም። ከሁሉም የምጓጓለት ግን እሱን ነበር።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርናው ምልመላ መጣ። ሰይድ ተጠራ፤ አልሄደም። ቀን ቀን ሐይቁ ዳር ቄጠማው ውስጥ ይውላል፤ አንዳንዴ ለምግብ ብቅ ይላል።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ እናቴ የለችም። ሰይድ እየበላ ሳለ ሦስት ሰዎች ከቀበሌ መጡ። ሰይድ ከጎታው ጀርባ ገባ። ሲገባ አይቻለሁ። ሳህኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«ወንድምህስ?» አለ ካኪ የለበሰው።

«አምባሰል፣ ዘመድ ጋ ሄዷል።»

አመኑኝ! አንገታቸውን አስግገው ቤቱን አዩና ለመሄድ ዞሩ። አበቃ፣ አሸነፍኩ። ያን ጊዜ ባለ ካኪው ሚጢን አያት።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ጥንቸል?»

«ውሻ ናት።»

«ውሻማ ብትሆን ትጮህብን ነበር። ይቺ ለኮፍያ ነው የምትሆነው!»

ሳቁ። ፊቴ ጋለ። «ተቀመጪ» አልኳት። ተቀመጠች። «ቆዪ» ብዬ አሥር እርምጃ ራቅኩ። ንቅንቅ አላለችም። ሳቃቸው ቆመ። ባለ ካኪው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ቁጢጥ አለ።

«ወይ ጉድ! ማን አስተማራት?»

«እኔ።»

«ሌላስ ምን ታውቃለች?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ሌላስ ምን ታውቃለች! ደረቴ ተነፋ። «ግቢ፣ ፈልጊ» አልኩ።

ረስቼው ነበር ልበል? አልረሳሁም። ፈርቼ ነበር? ፍርሃቱ አልፎልኝ ነበር። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ሰይድ የተደበቀ ሰው አልነበረም፤ የጨዋታዬ ክፍል ነበር። ያዩልኝ ብቻ ፈለግሁ።

ሚጢ አልገባችም። ደፉ ላይ ቆማ ሰዎቹን አየች፤ እኔን አየች። እንግዳ ሰው እያለ ተጫውተን አናውቅም። ያኔ «ነይ» ብላት ኖሮ ትመጣልኝ ነበር። እኔ ግን እንዳታሳፍረኝ ሰጋሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ግቢ!» አልኩ።

በረረች።

ጅራቷ ጎታውን ሲመታ ሰማነው። በደስታ ጮኸች። ሰይድ «አገኘችኝ» አላለም። እጁን ወደ ላይ አድርጎ ወጣ። ከዚያ አንዱን እጁን ዝቅ አድርጎ ከኪሱ ቁራጩን አወጣና ሰጣት። እኔን አልተቆጣም። በአጠገቤ ሲያልፍ «አብሽር» አለኝ። የሚወሰደው እሱ፣ አይዞህ የሚባለው እኔ!

እናቴ ከገበያ ስትመለስ «ማን ነገራቸው?» አለች። «አላውቅም» አልኩ። ዓይኗ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ አስካለ አጥር ሄደ። በዒድ እኛ፣ በፋሲካ እሳቸው፣ ዳቦ የምንላላክ ነበርን። በማግስቱ እናቴ በአጥሩ መሐል የምንሻገርባትን ክፍተት በእሾህ ዘጋችው። «ጠቋሚ ናት» አለች። አራት ዓመት ሙሉ ሰማሁ። አራት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር አብሮት የዘመተ ልጅ የሰይድን መርዶ ይዞ መጣ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለለቅሶ መጡ። እናቴ «እንዳትገቢ!» አለቻቸው። ደፉ ላይ ቆመው አለቀሱ። ከዚያ ፊቴን አዩኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። «ይግቡ» ማለት ነበረብኝ። ያን ጊዜ ለሚጢ የወጣልኝ ቃል ዘንድሮ አልወጣልኝም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ መጀመሪያ እሾሁን እነቅላለሁ። ከዚያ ይህን የጻፍኩትን ለእናቴ አነብላታለሁ። ታባርረኝ ይሆናል። ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አላስቸግርም፤ ልጅ ነበርኩም አልልም። ያን ያህል ልጅ አልነበርኩም።

እትዬ አስካለ አልጠቆሙም። ሚጢም አላጋለጠችም። እሷ ደፉ ላይ ቆማ ጠይቃኛለች። ሁለት ጊዜ ግቢ ያልኩት እኔ ነኝ።