ይሉኝታ ያልነበረው ወፍ ጠባቂ

የኔሰው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በነሐሴ፣ የርብ ወንዝ ገንፍሎ መንደሩን ቁሐር ሚካኤልን አጥለቀለቀው። እሱ የበቆሎ እሸት ሊጠብቅ ማማ ላይ እንደተቀመጠ ውኃው ከሥሩ ከበበው። ሦስት ቀን ከነሌሊቱ እዚያው ቆየ። ከማማው ሥር የሰው ቀንበር፣ የሰው ጎጆ ክዳን፣ አንድ ጊዜም ዶሮ የተሳፈረችበት ገንዳ አለፈ። የፈራው ውኃውን ሳይሆን እንቅልፉን ነበር፤ ያንቀላፋ ይወድቃል። ስለዚህ ከማማው ክዳን ሣር እየመዘዘ ገመድ መግመድ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ከጣና በኩል የመጡ ዓሣ አጥማጆች በታንኳ ሲያወርዱት ገመዱ ሃያ ክንድ ደርሶ ነበር።

ገመዱ ለማንም አልጠቀመም፤ ታንኳዋ ራሷ ማማው ሥር ድረስ ነው የመጣችው። አገሩ ሁሉ ያዳነው ቅዱስ ሚካኤል ነው አለ። የኔሰውም አልተከራከረም፤ ከመልአክ ጋር የሚከራከር ሰው በፎገራ የለም። ገመዱን ግን አልጣለውም። የጣለው ትምህርቱን ነው። ደብተሩ በውኃው ሄደ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከደብተር በፊት በሬ ይቀድማል ተባለ። አራተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ቀረ። ይህች ያልጨረሳት ትምህርት አርባ አራት ዓመት ሙሉ እንደ እሾህ ስትወጋው ኖረች።

ሃምሳ ስድስት ዓመት ሲሞላው፣ ወረታ ከተማ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ሲሠራ ውሎ ወደ ቁሐር በሚመለስበት ዘመን፣ ከከተማ አንድ ባለሙያ መጣና ሕዝብ ሰበሰበ። «እስከ ሰኔ ድረስ በዚህ ቀበሌ ኮድ የማይጽፍ አባወራ አይኖርም» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ኮድ ምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ ጥያቄ ስብሰባ ያስረዝማል። ከየጎጡ መመዝገብ ያለበት የሰው ቁጥር ተነገረና ስም ተጻፈ። የየኔሰው ስም ተጻፈ፤ የጎረቤቱ የታደለ ስምም ተጻፈ፤ ታደለ ቁሞ «እኔ ስልክም የለኝ» ሲል «ግድ የለም፣ ስም አለህ» ተባለ።

ከተመዘገቡት ውስጥ ነገሩን የምሩን የያዘው የኔሰው ብቻ ነው። መስታወቷ በተሰነጠቀች ስልኩ ትምህርቱን ጀመረ። የመጀመሪያው ትምህርት ለማሽኑ «ሰላም ዓለም» ብሎ መጻፍ ነው። ጻፈ። ዓለም አልመለሰችለትም። ሰላም ብሎ መልስ ያጣ የፎገራ ሰው ደግሞ ቅር ይለዋል። ሁለተኛው ትምህርት በማያውቀው አገር፣ በአይስክሬም ቤት በር ላይ የተሰለፉ ሰዎችን ወረፋ ማስያዝ ነበር። የኔሰው አይስክሬም በልቶ አያውቅም፤ ተሰላፊዎቹንም አያውቃቸው። አንቀላፋ። ሰባት ቀን ሳያቋርጥ ስለተማረ ትምህርቱ የእሳት ነበልባል ሥዕል ሸለመው። ቀኑን ሙሉ በሩዝ ገለባ መካከል ለሚውል ሰው እሳት መሸለሙ ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተወው።

ነገሩ የተለወጠው በጥቅምት ነው። ሩዙ ወተት ሲይዝ ወፉ ወረደ። የቁሐር ሰው ወፍ የሚጠብቀው በወንጭፍና በጉሮሮ ነው፤ ለጉሮሮውም ወግ አለው። ጠባቂው ወፉን ባዶ እጁን አይሸኘውም፣ ወደ ጎረቤት ይልከዋል። የየኔሰው ሚስት ፍሬህይወት ማማዋ ላይ ቁማ፣

«እች ወፍ፣ አድማሴ ዘንድ ድግስ አለ፣ ሂጅ እዚያ ብይ» ትላለች።

ከወዲያ ማዶ አያ አድማሴ ዝም አይልም፤ «ድግሱ አለቀ፣ ፍሬህይወት ጠላ ጠምቃለች ተመለሽ» ይላል። እንዲህ እየተወራረፉ ይውላሉ፤ ማንም አይቀየምም።

በዚያ ዓመት ፍሬህይወት ጉሮሮዋ ተዘጋ። ማታ ራት ስታቀርብ በእጇ ምልክት ስትናገር የኔሰው አያት። አዘነላት። በማግስቱ ድምፅዋ ትንሽ ሲመለስ የሰባት ጎረቤት ስም እያስጠራ በስልኩ ቀረጻት። ከዚያ ስልኩ በየአምስት ደቂቃው አንዱን ጩኸት በድምፅ ማጉያ እንዲለቅ ኮድ ጻፈ። ስልኩን በተቀደደ ጀሪካን ውስጥ ማማው ላይ ሰቀለው። ወፎቹ ግማሽ ቀን ፈሩ። ከቀትር በኋላ ግን አምስት ደቂቃውን ለመዱትና ጩኸቱ ሲደርስ ብድግ፣ ሲያልፍ ዱብ ማለት ጀመሩ። ኮድ ማንበብ ከየኔሰው ይልቅ ለወፎቹ ቀለላቸው።

ተናደደ። ያን ሦስት ጊዜ የተወውን፣ ነገርን በዕጣ ስለማውጣት የሚያስተምረውን ክፍል በአንድ ቅዳሜ ጨረሰው። አሁን ስልኩ መቼ እንደሚጮህና ማንን እንደሚጠራ እሱ ራሱም አያውቅም። ወፉ ሸሸ። ፍሬህይወት ወረደችና ሻሿን አስተካክላ፣

«አንተ ሰው፣ እኔን ከሥራ አስወጣኸኝ» አለችው።

«ጡረታ ነው» አላት። ኩራቱ ለሳምንት አልወረደም።

ከሳምንቱ በኋላ ታደለ በድንገት ሞተ። ጡሩንባ ሲነፋ የኔሰውና ፍሬህይወት ጋቢያቸውን ደርበው ሮጡ። ስልኩን ያስታወሰ የለም። ከቀብር መልስ የለቅሶው ድንኳን ከሩዙ ማሳ አጠገብ ተተክሎ፣ መምሬ አያልነህ ጸሎት ሊያሳርጉ ተነሥተው፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት፣ ከማሳው የፍሬህይወት ድምፅ መጣ፦

«እች ወፍ፣ ታደለ ዘንድ ድግስ አለ፣ ሂጅ እዚያ ብይ።»

ድንኳኑ በሙሉ ወደ ፍሬህይወት ዞረ። አፏ ዝግ ነው፤ እንባዋ ይወርዳል። አንዲት አሮጊት አማተቡ። የኔሰው ከድንኳኑ ወጥቶ በጭቃው ውስጥ ሲሮጥ ስልኩ አንድ ጊዜ ጨመረበት።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ተቀመጠ። የኔሰው የፈራው ስልኩን እንዳይቀሙት ነው። አራተኛ ክፍልን ውኃ ወሰደው፤ ይህኛውን ደግሞ ሽማግሌ ሊወስደው ነው።

«እኔን እንኳ ስንት ጊዜ ጠራኝ» አለ አያ አድማሴ። «እመልሳለሁ፣ አይሰማኝ። እመልሳለሁ፣ አይሰማኝ። ሳምንት ሙሉ ከጀሪካን ጋር ተሰዳደብሁ።»

ቀጥላ የታደለ ሚስት ጸሐይነሽ ተነሣች።

«እኔን ስሙ መጠራቱ አይደለም ያስከፋኝ» አለች። «በሕይወት ሳለም ፍሬህይወት ስትጠራው ትውል ነበር። የዚያን ዕለት ግን የሚመልስለት ጠፋ።»

ከዚህ በኋላ የኔሰው ተነሥቶ ጫማዋን ሊስም ሲል መምሬ አያልነህ ያዙት።

«የጸሐይነሽን ሩዝ እስኪታጨድ በራስህ ጉሮሮ ትጠብቃለህ» አሉት። «ስልክህን ደግሞ ወይ ይሉኝታ አስተምረው፣ ወይ ዝም አሰኘው።»

«አባቴ፣ ይሉኝታ በትምህርቱ ውስጥ የለም።»

«እንግዲያው ትምህርቱ ገና ነው።»

የኔሰው ከመፈልፈያው ፈቃድ ወስዶ የጸሐይነሽ ማማ ላይ ወጣ። እየጮኸ፣ ወፉ ፋታ ሲሰጠው እየጻፈ ቆየ። ስልኩ አንድ ስም ከጠራ በኋላ ጸጥ ብሎ እንዲያዳምጥ አደረገው፤ መልስ ካልሰማ ያን ስም በዚያ ቀን አይደግምም። ለቅሶ ያለበት ቤት ስም ደግሞ አርባ ቀን ከዝርዝሩ ይወጣል። ይህን ለመጻፍ ሠላሳ አምስት ቀን ፈጀበት፤ አንድም ቀን አላንቀላፋም። የትምህርቱ መጨረሻ ፈተና ግን አሁንም አይስክሬም ቤቱ ነበር። የኔሰው አልሠራውም። እነዚያ ሰዎች እስከ ዛሬ እንደተሰለፉ ናቸው።

የታደለ አርባ ባለፈ በማግስቱ ጸሐይነሽ ከማማው ሥር መጥታ ቆመች።

«አያ የኔሰው፣ የታደለን ስም መልሰው።»

«ማን ሊመልስለት?»

«እኔ አለሁ አይደል።»

መለሰው። ወደ ቀትር ስልኩ «ታደለ ዘንድ ድግስ አለ» አለ። ጸሐይነሽ ሻሿን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ «ድግሱን ፍሬህይወት ጨርሳዋለች፣ እሷን ጠይቂ» ብላ ጮኸች። አያ አድማሴ ከወዲያ ማዶ ሲስቅ ተሰማ።

በሰኔ ባለሙያው የምስክር ወረቀት ይዞ መጣ። ለቀበሌው ሪፖርት ሲባል የተመዘገቡት ሁሉ ጨርሰዋል፤ ታደለም «በከፍተኛ ማዕረግ» ጨርሷል። ወረቀቱን ጸሐይነሽ ተቀበለችለት። ወረቀት ያልደረሰው የኔሰው ብቻ ነው፤ እሱ በእርግጥ በመማሩ፣ የመጨረሻውን ፈተና እንዳልሠራ በትምህርቱ ላይ ተመዝግቧል።

ያም ሆኖ ባለሙያው ሰዎች ስለ የኔሰው ሲያወሩ ሰምቶ ወደ እሱ ቀረበ። «አያ የኔሰው፣ ሳይሰለቹ የተማሩበት ምስጢር ምንድን ነው? ለሪፖርቱ እንዲሆነኝ።»

«መሰልቸቱንማ ሰልችቻለሁ፣ ልጄ» አለው። «የማላውቀውን ዓለም ሰላም በል ሲሉኝ እንቅልፌ ይመጣል። የሚስቴ ጉሮሮ ሲዘጋ ግን ነቃሁ። ልጅ ሆኜም ማማ ላይ ገመድ ገምጄ ነበር፤ ማንንም አላወጣሁበት፣ እጄ ሥራ ስላልፈታ ግን ዐይኔ አልተከደነም። ከሁሉ የሚበልጥብኝን ከጠየቅኸኝ፣ ያች ጸሐይነሽ ለባሏ ስም መልስ መስጠቷ ነው። እሱን ጻፍልኝ፤ በወረቀትህ ላይ ቦታ ካለ።»