የኤቦ ሚኒባስ ጥቅስ

በእኛ አገር ሹፌርን እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው የለም። መኪናው ጀርባ ላይ ያስጻፈው ጥቅስ ስሙ ሆኖ ይቀራል። «ምሕረቱ ብዙ ነው» ሁለተኛ ሚስት አገባ፣ «አልፈራም» ወባ ጣለው እንባባላለን፤ ማንም አይስቅም። ኤቦ ደግሞ «የምታደርገውን ቶሎ ብለህ አድርግ» ነበር።

ጥቅሱን የመረጠለት ታፔላ ጸሐፊው ነው። ጌታ ራሱ የተናገረው ነው አለው፤ ኤቦ ሌላ ምን ይፈልጋል? ከዚያ ወዲያ ከመንኬሲም ከተማ እስከ ኬፕ ኮስት ከተማ ድረስ ያለውን መንገድ ይበርበት ጀመር። ቀስ በል ስንለው፣ ከጌታ ልትበልጡ ነው እንዴ ይለናል። ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው ክንዱን ይዞ ወደ ኋላ ይወስደውና ጥቅሱን ያስነብበዋል። ፖሊሱም ክርስቲያን ነው፣ ምን ይበል፤ ያሳልፈዋል።

እኔ ኤኩዋ እባላለሁ፤ በጭስ የደረቀ ዓሣ ነው የምሸጠው። የእኔም ሱቅ ጥቅስ አለው፤ ያለ ጥቅስ ማን ይገዛል? «ይህን ሁሉ እሰጥሃለሁ» ይላል፣ በትልቁ፣ በቀይ ቀለም። ለነጋዴ ከዚህ የሚሻል ቃል የለም ብዬ ራሴ ነኝ የመረጥኩት። ስለ ጥቅስ ሳወራ እንግዲህ የማላውቀውን እያወራሁ አይደለም።

ኤቦ ልብስ ሰፊዋን አራባን ይወዳት ነበር። የመጀመሪያ ባሏን መኪና ነው የገደለባት። ልቧ ኤቦን እንደፈቀደ ግን እኔ አውቃለሁ፤ እሱ ሲያልፍ ስፌቷን ታቆማለች። አገባሃለሁ፣ ቀስ ብለህ ከነዳህ ብቻ አለችው። እሱም ጥቅሱን ነገራት። ዓመት ሙሉ እሱ በጥቅሱ፣ እሷ በእምቢታዋ ጸኑ።

ከዚያ አንድ ቀን አሳፍሮን ሲሄድ፣ የወንዙ ድልድይ አጠገብ ያለው ኩርባ ላይ፣ ኤቦ ግንድ የጫነ መኪና ደርቤ አልፋለሁ ብሎ ካሳቫ ማሳ ውስጥ ይዞን ገባ። የአንድ ሽማግሌ ክንድ ተሰበረ። ቅርጫቴ ከጣሪያው ላይ ተወርውሮ ወንዝ ገባ፤ ዓሣዎቼ ከዚያ ሁሉ ጭስ በኋላ ውኃቸው ውስጥ ተመልሰው ቁጭ። ኤቦ ምን ቢል ጥሩ ነው? ቃሉ አተረፈን አለን፤ ሽማግሌው አጠገቡ እያቃሰተ። በጥፊ ባጮልኩት እንዴት ደስ ባለኝ።

አራባ ሽማግሌውን ሄዳ ጠየቀችው። ለኤቦ አንድ ነገር ብቻ ነው የነገረችው፦ ለጸሎተ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ና፣ የመጨረሻ መልሴን ከዚያ በኋላ ትሰማለህ። ኤቦ በፋሲካ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ረግጦ አያውቅም፤ መንገደኛ የሚጎርፍበት ጊዜ ነዋ። የዚያን ቀን ግን ሚኒባሱን በሩ ፊት ለፊት፣ ጀርባውን ወደ እኛ አዙሮ አቆመና አዲስ ሸሚዙን ለብሶ ገባ። ሙሽራ ነው የመሰለው።

ሰባኪው የመጨረሻውን እራት ያነብ ጀመር። ይሁዳ ቁራሹን ተቀበለ፤ ሰይጣን ገባበት። ጌታም የምታደርገውን ቶሎ ብለህ አድርግ አለው።

ራሶች ሁሉ አንድ በአንድ ወደ በሩ ዞሩ፣ ከበሩ ወደ ሚኒባሱ፣ ከሚኒባሱ ወደ ኤቦ። በየዓመቱ ስንሰማው ኖረን አንዳችንም ከመኪናው ጋር አላገናኘነውም። ሽማግሌው ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ «የሰበረኝ ይሁዳ ነው ለካ» አለ፣ ሁሉም እየሰማው። እኔ ነጠላዬን ነክሼ ነው ሳቄን የያዝኩት።

ከጸሎት በኋላ ኤቦ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አራባ አጠገቡ ቆመች።

«የጌታ ቃል ነው ያልከው እውነትህን ነው» አለችው። «ለማን እንደተባለ ግን ጠይቀህ ታውቃለህ? ባሌን የገደለው ሹፌርም ጥቅስ ነበረው። ከላይና ከታች ያለውን ማንበብ ስትጀምር እኔን ጠይቀኝ።»

ኤቦ አለቀሰ። እኔም ሳቄ ጠፋ፤ አንጀቴን በላው።

ጥቅሱን በዚያው ቀን በቤንዚን ፈትጎ አጠፋው። ሹፌሮቹ ይሁዳ እያሉ ሲጠሩት ቻለው። በጣም ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ደግሞ ማማረር የጀመርነው እኛው ነን። መጽሐፍ ቅዱሱን መቀመጫው ሥር አድርጎ፣ ተሳፋሪ እስኪሞላ ምዕራፉን ከአናቱ ጀምሮ ያነባል። አራባ የዝናቡ ወራት ሲያልፍ እሺ አለችው።

ለሠርጋቸው ዓሣ ሊገዙ አብረው ሱቄ መጡ። እሷ ስትመርጥ እሱ ታፔላዬን አንጋጦ ያያል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«አክስቴ፣ ይህን ያለው ማነው?» አለኝ።

«ጌታ ነዋ» አልኩት።

አራባ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ኤቦ መጽሐፉን ገልጦ ዓሣዎቹ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ከላይ ጀምሪ አለኝ። ጀመርኩ። ተራራው ላይ ጌታን፣ ወድቀህ ብትሰግድልኝ ይህን ሁሉ እሰጥሃለሁ ያለው ዲያብሎስ ነው።

ያን ሁሉ ዓመት በሰይጣን ቃል ዓሣ ስሸጥ ኖሬያለሁ። ገበያዬም ደርቶ ነበር፤ የከፋኝ እሱ ነው።

ሰው ሳያይ ታፔላውን እንዲያወርድልኝ ኤቦን ለመንኩት። በርጩማ ላይ ወጥቶ ምስማሩን መንቀል ጀመረ። ቶሎ በል እንጂ አልኩት። አልቸኮለም።