መኪና ግርግር ያስጠበብኩት የአባባ ከናቴራ

ዛሬ የአባባን ከናቴራ በገዛ እጄ ገደልኩት።

ተራ ከናቴራ አይደለም። ጨርቁ ውስጥ የተሸመኑ ስስ ሽቦዎች ክንዳቸው ምን ያህል ከፍ እንዳለ በቁጥር ስልኬ ላይ ያሳያሉ። አባባን ስትሮክ መቷቸው ግራ እጃቸው ከደከመ በኋላ እህቴ ከውጭ የላከችላቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ክንዳቸውን እያነሱ "ስንት ደረሰ?" ይሉኝ ነበር።

ሰፋ ስላላቸው ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው ወደሚሰፉበት ሰፈር፣ መኪና ግርግር ወስጄ ለአንዱ ሰፊ "ጠበብ ያድርጉልኝ" አልኩ። ስለ ሽቦው ትንፍሽ አላልኩም። (ብልጥ ነኝ እኮ!)

"ወላሂ፣ የተረፈ ክር መስሎኝ ነው የቆረጥኩት" አሉኝ ሰውዬው አዝነው።

አባባ አልተቆጡም። ለብሰውት ክንዳቸውን አነሱ። ስልኩ ምንም አላሳየም።

"ዛሬ ከፍ ያለ መስሎኝ ነበር" አሉ።

"ከፍ ብሏል አባባ፣ በዓይኔ አየሁት!" ብላቸው አላመኑኝም።

እናንተስ፣ ላስተካክል ብላችሁ ያበላሻችሁት ነገር የለም? እስቲ ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልሁን።